አልፈታ ያለ የቧንቧ መጋጠሚያ፦ ግድግዳ ሳይፈርስ እንዴት ይላቀቃል?

ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ፍሌክሲብል ቱቦ ማንጠባጠብ ጀምሯል። አዲሱ ተገዝቶ መጥቷል፤ መቀየሩም የደቂቃዎች ሥራ ይመስላል። ችግሩ አሮጌውን ለመፍታት ሲሞከር ይመጣል፤ ዳዶው ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ረዘም ያለ መፍቻ ፈልጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል። ከዚያ ወይ ዳዶው ይፈታል፣ ወይ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ጎሚቶ (የቧንቧው ክርን) ይሰበራል። ሁለተኛው ከደረሰ የፍሌክሲብል ቅያሪ የነበረው ሥራ ሴራሚክ ማፍረስ፣ ቧንቧ መቀጠልና ግድግዳ መልሶ መለሰን ይሆናል።

ጎሚቶውን የሚሰብረው የጉልበት ብዛት ብቻ አይደለም። አንዱ እጅ ሲፈታ ሌላው እጅ ባዶውን መቅረቱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ብዙው ነገር ዞሮ ዞሮ በዚህ ላይ ያረፈ ነው፤ መዞር ያለበትን ከማዞርዎ በፊት መዞር የሌለበትን ይያዙ።

በመጀመሪያ ምን እንደያዘው ይዩ

መጋጠሚያ የሚነክሰው በተለያየ ምክንያት ነው፤ መፍትሔውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። የስልክዎን መብራት አብርተው ጥርሱ ወደ ዳዶው የሚገባበትን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ብዙ ይነግርዎታል።

ነጭ ወይም ግራጫ ቅርፊት ካዩ የካልሲየም ክምችት ነው። ውሃ በትንሽ በትንሹ እያዠ ሲተን የተሸከመውን ማዕድን እዚያው ትቶ ይሄዳል፤ ያም በጥርሶቹ መካከል ይጠጥራል። እንደ ድሬዳዋና መቀሌ ባሉ፣ የጉድጓድ ውሃቸው የኖራ ድንጋይ አቋርጦ በሚመጣ ከተሞች ይህ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ለስለስ ያለ ሲሆን ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው ማዕድን ይበዛበታል። የራስዎን ሰፈር ውሃ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ይዩት።

ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ዝገት ነው። ይህ በብዛት የሚታየው አሮጌ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ባለባቸው ቤቶች ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከራሱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ከውስጥ ይወጥረዋል። አረንጓዴ ዱቄት መሳይ ነገር ካዩ ደግሞ ናሱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። የናስ ቫልቭ በቀጥታ ከጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ላይ ሁለቱ ብረቶች ውሃው መሐል ሆኖ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ የቧንቧው ወገን ነው። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ላይ ቧንቧው ከሚመስለው በላይ ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል እጅዎን ቀለል ያድርጉ።

ምንም ቀለም ካልታየስ? እንግዲያው ሲገጠም ያለ ልክ ጠብቋል፣ ወይም የውስጡ ጎማ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፣ ወይም ገጣሚው ቃጫ በቀለም ለውሶ ጠቅልሎበት ቀለሙ ደርቋል። በእኔ ግምት በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ ብዙው ችግር የመጀመሪያው ነው። በእጅ ተጠብቆ ትንሽ ብቻ መጨመር የነበረበት ዳዶ በጅራቱቢ (በቧንቧ መፍቻ) ተጨምቆ ይገኛል።

ውሃውን መዝጋት፤ ውሃ በሌለበት ቀንም ጭምር

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ወጥመድ አለ። ቧንቧው ባዶ ስለሆነ ዛሬ ለመፍታት ጥሩ ቀን ይመስላል። ዋናውን መዝጊያ ሳይዘጉ ይጀምራሉ፤ ሥራው ሳያልቅ ይመሻል፤ ሌሊት ላይ ውሃው ይመጣል። ስለዚህ ውሃ ኖረም አልኖረም ከቆጣሪው በኋላ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ። ሮቶ ካለዎት ከሮቶው የሚወርደውንም ለብቻው ይዝጉ፤ ቤቱ ከሁለት አቅጣጫ ውሃ እንደሚያገኝ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ በቤቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለውን አንድ ቧንቧ ከፍተው የቀረው ውሃና ግፊቱ ይውጣ።

ቆጣሪውን፣ ከእሱ በፊት ያለውን መስመርና የታሸገበትን ሽቦ ግን አይንኩ። እሱ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው። ከቆጣሪው በኋላ ያለው መዝጊያ ራሱ አልዘጋ ካለ ደግሞ ሌላውን ሥራ አቁመው መጀመሪያ እሱን ያስቀይሩ።

ባልዲና አሮጌ ጨርቅ ከሥር ያድርጉ፤ የመታጠቢያውን ቀዳዳም በጨርቅ ይድፈኑ። ትናንሽ ጎማዎችና ብሎኖች ወደዚያ የመግባት ልማድ አላቸው።

የትኛው እንደሚዞር ምልክት ያድርጉ

የቧንቧ ጥርስ ፊት ለፊት ሲያዩት ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ይፈታል። ከመታጠቢያ ሥር ግን ይህ ሕግ ያሳስታል። ወደ ላይ የሚገባን ዳዶ አጎንብሰው ከላይ ካዩት አቅጣጫው የተገለበጠ ይመስላል፤ ስለዚህ ሲፈቱ የመሰልዎት ሲያጠብቁ ይገኛል። በሐሳብዎ ዳዶው በሚወጣበት በኩል ቆመው፣ ወደሚገባበት ነገር እያዩ አቅጣጫውን ይወስኑ።

ቀጥሎ እስክሪብቶ ወይም ማርከር ያንሱ። ከዳዶው ጀምሮ ግድግዳው በኩል እስካለው ክፍል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መፍታት ሲጀምሩ መስመሩ ከሁለት ከተከፈለ ጥሩ ነው፤ ዳዶው ብቻ ዞሯል። መስመሩ ሳይቆረጥ ሙሉው አብሮ ከዞረ ግን እየዞረ ያለው የተቀበረው ቧንቧ ነውና ወዲያው ያቁሙ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ግድግዳ አድኗል ብል አላጋነንኩም።

ሁለት መፍቻ፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያዞራል

ከዳዶው በስተጀርባ ባለ ስድስት ጎን ክፍል ካለ በአንድ ተስተካካይ መፍቻ እሱን ይያዙ፤ ዳዶውን በሌላኛው ያዙሩ። ሁለቱን እጀታዎች በትንሽ ማዕዘን አቀራርበው ካስቀመጧቸው በአንድ መዳፍ እንደሚጨመቁ አድርገው ሊያቀራርቧቸው ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ በሁለቱ መፍቻዎች መካከል ይቀራል፤ ወደ ግድግዳው የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ነው።

ጅራቱቢ የሚነክሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አፉ ወደሚያዞሩበት አቅጣጫ መክፈት አለበት። ሁለት ጅራቱቢ ሲጠቀሙ አፎቻቸው በተቃራኒ ይዩ። ለክብ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ተገቢ መሣሪያ ነው፤ ለክሮም ዳዶ ግን አይሆንም፤ ጥርሱ ይቧጥጠዋል፣ ስስ ከሆነም ያጣምመዋል። ክሮም ላይ ግድ ከሆነብዎት የአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይጠቅልሉበት። ጎማው በደረቅ እጅ ለመያዝም ይረዳል፤ ሳሙና የነካው እጅ ይሸነፍ የነበረን የሻወር ዳዶ ጎማ ብቻውን የሚፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሲጀምሩ ወደ መፍታት ሳይሆን ወደ ማጥበቅ በኩል ፀጉር ታህል ይሞክሩ። ተቃራኒ ቢመስልም የደረቀውን ቅርፊት የሚሰነጥቀው የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው፤ አቅጣጫው ለውጥ አያመጣም። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ወደ መፍታት ይመለሱ። ሩብ ዙር ከሄደ በኋላ እንደገና ከያዘ ትንሽ መልሰው እንደገና ወደፊት ይሂዱ። በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ መሞከር ጥርስ ይበላል።

በመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም የተለመደ ነው። እጀታው እጥፍ ሲረዝም የመጠምዘዝ ኃይሉም እጥፍ ይሆናል፤ ችግሩ መጋጠሚያው ሊሰበር ሲል የሚሰጠውን ስሜት እጅዎ አያገኘውም። በሁለት መፍቻ የተያዘ ወፍራም ጋልቫናይዝድ ላይ እሺ፤ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ባለበት ግድግዳ ላይ ግን በፍጹም አይሆንም።

እምቢ ካለ፦ ነጩን በአቼቶ፣ ቡናማውን በዘይት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጊዜና ገንዘብ ያባክናል። ደብሊውዲ-40 ለሁሉም ነገር ይረጫል፤ ካልሲየም ግን በዘይት አይሟሟም። ነጭ ቅርፊት የሚፈልገው አሲድ ነው፤ ለቤት የሚበቃውም አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነው። ጨርቅ በአቼቶ ነክረው መጋጠሚያውን ይጠቅልሉ፣ በላዩ ፌስታል አድርገው ይሰሩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ደርቆ ከሆነ እንደገና ያርጥቡት። የሻወር ራስን ከነዳዶው አቼቶ ባለበት ፌስታል ውስጥ ማንጠልጠልም ይቻላል። ክሮሙ እንዳይደበዝዝ ሌሊቱን ሙሉ አይተዉት፤ ሲጨርሱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት።

አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ቀደም ሲል መታጠቢያውን በበረኪና ካጸዱት በብዙ ውሃ ሳያጥቡ አይጀምሩ። ለሴራሚክ ማጽጃ የሚሸጠውን ኃይለኛ አሲድ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ቅርፊቱን ቢያሟሟም ክሮሙንና የውስጡን ብረት አብሮ ይበላል።

ዝገት ሲሆን ዘይቱ ቦታው ነው። ጥርሱ በሚጀምርበት ጠርዝ ዙሪያውን ይርጩ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ጽኑ ዝገት ከሆነ ማታ ረጭተው ጠዋት ይፍቱት። መሐል ላይ ዳዶውን ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ቢያንኳኩት ንዝረቱ ዘይቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ሲያንኳኩ ግን ከተቃራኒው ወገን ሌላ ከባድ ብረት ደግፈው ይያዙ፤ አለዚያ ምቱ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። የመጠጥ ውሃ በሚያልፍበት መስመር ላይ ናፍጣ ወይም ላምባ የመቀባት ልማድ አለ፤ ይቅርብዎት። ሽታው ከቧንቧው ለመውጣት ቀናት ይፈጃል፣ ጎማዎቹንም ያሳብጣል።

ሦስተኛው ረዳት ሙቀት ነው። ዓላማው የውጪው ክፍል፣ ማለትም ዳዶው፣ ከውስጠኛው ቀድሞ እንዲሰፋ ማድረግ ነው። የፈላ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ዳዶው ላይ ብቻ ጠቅልለው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁና እንደሞቀ ይፍቱት። የፀጉር ማድረቂያም ይሠራል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ እንዳይገናኙ እየተጠነቀቁ። የጋዝ እሳት ግን በግድግዳ ውስጥ ፒፒአር ባለበት ቤት አይሞከርም። ፒፒአር እርስ በርሱ የሚበየደው በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እሳቱ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ብረት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋልና እርስዎ ዳዶውን ሲያሞቁ ግድግዳው ውስጥ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ዘይት በረጩበት ላይ እሳት ማቅረብ ደግሞ ለቃጠሎ መጋበዝ ነው።

እንደ ዕቃው ጠባይ

ፍሌክሲብል ሁለት ዓይነት ጫፍ አለው። ከግድግዳው በኩል ያለው የግማሽ ኢንች ዳዶ ራሱን ችሎ ይዞራል፤ ቀጭኑና ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ጫፍ ግን ከቱቦው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የግድግዳውን ይፍቱ። ቀጭኑን ቀድመው ከሞከሩ ቱቦው ይጠማዘዛል፣ አይፈታም።

ዳዶው በምንም ካልተላቀቀ ደግሞ ቱቦውን ይቁረጡት። ፍሌክሲብል ተፈትቶ ተመልሶ የሚገጠም ዕቃ አይደለም፤ አሮጌውን ለማዳን መድከም ትርጉም የለውም። ውሃው መዘጋቱን አረጋግጠው በብረት መጋዝ ከዳዶው አጠገብ ከቆረጡት ዳዶው ብቻውን ይቀራል፤ ዙሪያውን የሚይዝ ዝግ መፍቻ ከፊት ለፊት ማስገባትም ይቻላል። ያም እምቢ ካለ ዳዶውን በአንድ ጎኑ በቁመቱ ይሰንጥቁት። ሥሩ ያለው የቫልቭ ጥርስ ከመነካቱ በፊት መጋዙን ያቁሙና ስንጥቁ ውስጥ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተው ይጠምዝዙ፤ ይከፈታል።

የሻወር ቱቦ ዳዶ በእጅ እንዲጠብቅ የተሠራ ነው። አቼቶና ጎማ በቂ ናቸው። የሽንት ቤት ታንከር መግቢያ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ መፍቻ አያስጠጉት፤ ክዳኑን ከፍተው የውስጡን ዕቃ በአንድ እጅ ይያዙ፣ በሙቅ ጨርቅ ያለስልሱት፣ በሌላው እጅ ይፍቱት።

የግቢ ውሃ ማጠጫ ጎማ ከቧንቧ አፍ ላይ ከደረቀ አይጎትቱት። ሽቦውን ወይም ማሰሪያውን ይፍቱ፣ የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፣ እየጠመዘዙ ያውጡ። ካልሆነ በስለት በቁመቱ ሰንጥቀው ይላጡት፤ ጫፉ ትንሽ ቢያጥር ጎማው አይጎዳም።

የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ሲሆን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ የማብሪያ ማጥፊያው መጥፋት አይበቃም። ውሃው ይቀዝቅዝ። ከታች የሚወጡት ሁለት ጫፎች ከታንኩ ጋር የተበየዱ ናቸው፤ ያለ ድጋፍ ከተጠመዘዙ ብየዳው ወይም የውስጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ የዚያን ጊዜ የሚቀየረው ቦይለሩ ራሱ ነው። ቦይለር ላይ አንድ ጊዜ ሞክሮ እምቢ ካለ ባለሙያ መጥራት ብልህነት ነው።

ግድግዳ ውስጥ የገባ አንግል ቫልቭ ከሁሉም ይከብዳል፤ ከበስተጀርባው የሚያዝ ነገር የለምና። እዚህ ላይ ትዕግሥት ብቻ ነው ያለው። በዙሪያው ያለውን የሴራሚክ ስሚንቶ በስለት ይፋቁ፣ እንደ ቀለሙ አቼቶ ወይም ዘይት ያጠጡ፣ ያሙቁ፣ በአጭር መፍቻ ወዲያና ወዲህ በትንሽ በትንሹ ያወዛውዙ። ቫልቩ እየዞረ ወደ ውጭ ካልመጣ፣ ወይም ዙሩ ድንገት ከላላ፣ ፒፒአሩ ውስጥ ያለው የናስ ክፍል ከፕላስቲኩ ተላቅቆ ይሆናል። ያቁሙ።

ኒፕሉ (ባለ ጥርሱ አጭር ቧንቧ) ውስጥ ተሰብሮ ከቀረስ? ከውስጥ ነክሶ የሚያወጣ ማውጫ በዕቃ መሸጫ ይገኛል። ከሌለዎት የብረት መጋዝ ስለቱን ብቻ አውጥተው ጫፉን በጨርቅ ይጠቅልሉና የተሰበረውን ኒፕል ከውስጥ ወደ ውጪ በቁመቱ ይሰንጥቁ። የሚቆርጡት የኒፕሉን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላኛው ጥርስ ሊደርሱ ሲሉ ያቁሙ። ከዚያ በካቻቢቴ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሲገፉት ይሸበሸብና ይለቃል። ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ ከተጣደፉ ያበላሹታል።

መልሶ ሲገጠም

የሚቀጥለው ጥገና ቀላል ይሁን ከባድ የሚወሰነው አሁን ነው። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ የቀረውን አሮጌ ቴፍሎንና ቃጫ ያስወግዱ። አዲሱን ቴፍሎን የጥርሱን ጫፍ ፊት ለፊት እያዩ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይጠቅልሉ፤ በተቃራኒ ከጠቀለሉ ዳዶው ሲገባ ይፈታዋል። አብዝተው አይጠቅልሉ፤ ከመጠን ያለፈ ቴፍሎን የፒፒአርን የናስ አፍ ሊሰነጥቅ ይችላል። ውስጡ ጎማ ያለው ዳዶ ላይ ደግሞ ቴፍሎን አያስፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው። በእጅ እስከሚቆም ያጥብቁ፣ በመፍቻ ሩብ ዙር ይጨምሩ፣ ይብቃ። ቀጭኑን የሚክሰር ጫፍ በእጅ ብቻ ይተዉት።

ውሃውን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ደረቅ ሶፍት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ያስኪዱ፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል። ካንጠባጠበ ስምንተኛ ዙር ያህል ይጨምሩ እንጂ አይጨቁኑት። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ቤት የሮቶው ግፊት ትንሽ ስለሆነ የዛሬው ፍተሻ ብቻውን አይበቃም፤ ሮቶው ከመጋጠሚያው 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ የሚሰጠው አንድ ባር ገደማ ነው፤ የመንገዱ መስመር ሲከፈት ግን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የፈረቃው ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር፤ ሶፍቱንም ያን ጊዜ እንደገና ያስኪዱ።